የረዋን ስልክ

የላከችው የድምፅ መልእክት ተደመጠ። ከመልእክቱ ጎን ያሉት ሁለት ምልክቶች ሰማያዊ ሆኑ፤ መልስ ግን አልመጣም። ሃሴት የትምህርት ቤቱን አጥር ተደግፋ ስልኳ ላይ አፈጠጠች።

«ማነው ሲን አድርጎ ዝም የሚልሽ?» አለች የክፍሏ ልጅ ሄራን ከኋላዋ መጥታ። «ደግሞ ቅድም በምን ቋንቋ ነበር የምታወሪው?»

«ዘፈን ነው ባክሽ።» ሃሴት ስልኩን ኪሷ ከተተችው።

ለክፍሉ ልጆች ከአዲስ አበባ እንደመጣች ነበር የነገረቻቸው። ፊደል ማንበብ ሲያቅታት «እዚያ የተማርኩት በእንግሊዝኛ ነው» ትላለች። ካርቱም ተወልዳ እንዳደገች ብትናገር ስለ ጦርነቱ መጠየቃቸው አይቀርም። እሷ ደግሞ ስለዚያ ማውራት አትፈልግም። ከሐዋሳው ታቦር ተራራ በላይ ነጎድጓድ ሲያጉረመርም እንኳ ጆሮዋን በእጆቿ ትደፍናለች።

ከእናቷ ጋር ከካርቱም የወጡት ጎህ ሳይቀድ ነው። ሾፌሩ ሞተሩን ሳያጠፋ ይጠብቃቸው ነበር። አብራት ያደገችው ጎረቤቷ ረዋን ከግድግዳው ማዶ ተኝታ ነበር። ሃሴት በሯን ሳታንኳኳ አለፈች።

ሐዋሳ ከገቡ በኋላ ለረዋን በአረብኛ ድምፅ እየቀዳች ትልክላት ጀመር። ስለ ሐይቁ ሽታ፣ የዓሣ ትርፍራፊ ለመልቀም እንደ መላጣ ሽማግሌዎች ቆመው ስለሚጠብቁት አባ ኮዳ የሚባሉ ትልልቅ ወፎች፣ መናኸሪያ አካባቢ ልብስ ቤት ስለተቀጠረችው እናቷ አወራቻት። ለብዙ ወራት አንድም መልእክት አልደረሰም። ዘንድሮ ግን ድንገት መድረስ ጀመረ፤ ቀጥሎም ይደመጥ ጀመር። ያን ቀን እናትና ልጅ ተቃቅፈው አለቀሱ።

መልስ ግን የለም። ስትደውል ይጠራል፤ የሚያነሳው የለም። አንዳንዴ ገና ምንም ሳትልክ ከረዋን ስም ሥር «ኦንላይን» የሚለው ቃል ብቅ ይላል። አንድ ሰው ከበር ኋላ ትንፋሹን ውጦ የቆመ ይመስላታል። ተቀይማኛለች ብላ አሰበች። ይቅርታ ጠየቀች። ይቅርታዋም ተደመጠ፤ መልስ አልመጣም።

ቅዳሜ ከሰዓት ቤት ውስጥ ብቻዋን ሆና ቀዳች። «ረዋን ካልሆንሽ፣ ማን እንደሆንሽ ንገሪኝ።»

ከወዲያ ማዶ የሆነ ሰው መቅዳት ጀመረ። ተወ። እንደገና ጀመረ። የመጣው ድምፅ የአንዲት አሮጊት ነበር።

«ልጄ፣ ይቅር በይኝ። ስልኩን አትባራ ከተማ፣ መንገድ ላይ ነው የገዛሁት። የማን እንደሆነ አላውቅም። ልጆቼ ተበትነዋል፤ የአንቺ ድምፅ ሲመጣ ቤቴ ሰው ያለበት ይመስለኝ ነበር። ብነግርሽ እንዳትተዪኝ ፈራሁ። ስልኩ ውስጥ የልጅቷ ፎቶዎች አሉ። የመጨረሻውን ልላክልሽ? ካልፈለግሽ እተወዋለሁ።»

እናቷ እታፈራሁ ማታ ከሥራ ስትመለስ መልእክቱን ቆማ ሰማችው። ነጠላዋን ሳታወልቅ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«የተዘረፈ ስልክ ነው፣ ልጄ። ቁጥሩን አጥፊው» አለች። «አንዳንድ ነገር ባይታወቅ ይሻላል።»

ሃሴት አላጠፋችውም። ፎቶውን ለማየትም አልደፈረችም። እሑድ ሙሉ ቀን ስልኩን በሄደችበት ይዛው ዞረች። ሰኞ በእረፍት ሰዓት ሄራንን ከሜዳው ጥግ ወስዳ አስቀመጠቻት።

«ከአዲስ አበባ አይደለም የመጣሁት» አለቻት።

«አውቃለሁ» አለች ሄራን። «ቦሌ የት ነው ስልሽ ፒያሳ አጠገብ ነው ብለሽኛል እኮ።»

ሃሴት ፈገግ ልትል ሞከረች። ከዚያ ሁሉንም ነገረቻት፤ ያላንኳኳችውን በር ጭምር። ሄራን አላቋረጠቻትም። ስትጨርስ ጠጋ አለቻት።

«ብቻዬን ማየት አልቻልኩም» አለች ሃሴት።

«እንግዲህ አለሁ።»

ሃሴት «ላኩልኝ» ብላ ለአሮጊቷ ጻፈች።

ፎቶው ቆይቶ ተከፈተ። ሰው የለበትም። አንድ የተቆለፈ ሰማያዊ የብረት በር ብቻ ነው። በሩ ላይ ፎቶውን ያነሳችው ልጅ ጥላ አርፏል፤ ሻሽ ያሰረ ጭንቅላት፣ ትከሻዋ ላይ የተንጠለጠለ ቦርሳ።

«የማን ቤት ነው?» አለች ሄራን ዝቅ ባለ ድምፅ።

«የኛ። የካርቱሙ።»

ረዋን መጥታ ነበር። ልትሰናበታት ይሁን ልትጠለል፣ ፎቶው አይናገርም። ከዚያ ወዴት እንደሄደች፣ ስልኩ እንዴት ከእጇ እንደወጣም አይናገርም። ሃሴት ጥላውን በጣቷ ነካችው፤ ምስሉ ተለጥጦ ደበዘዘባት። የመግቢያው ደወል ተደወለ፤ ሄራን አልተነሳችም።

ከረዋን ስም ሥር አሁንም «ኦንላይን» ይላል። አሮጊቷ እየጠበቁ ነው።

«አሁን ቁጥሩን ታጠፊዋለሽ?» አለች ሄራን።

ሃሴት መቅጃውን ተጫነች። ወደ ክፍል የሚሮጡ ልጆች በአጠገባቸው ያልፋሉ። ድምፅዋን ሳትቀንስ በአረብኛ ተናገረች።

«እማማ፣ ሃሴት ነኝ። ያለሁት ሐዋሳ ነው። የእርስዎን ስም ማን ልበል?»