ቁጥር ዐሥራ ሰባት

የአብዮት ጥበቃው የጠመንጃ ሰደፍ ፊታቸው ላይ ሲያርፍ የመምህር ታረቀኝ መነጽር ዙሌይካ እግር ሥር ወድቆ ተሰበረ።

«የስም ዝርዝሩ የት ነው?» አለ ካድሬው። መምህሩ ደም ተፉ። አብዮት ጥበቃው ደገማቸው። ከክፍሉ ኋላ አንዲት ተማሪ ብትጮኽ እሷም በጥፊ ተመታች።

ነገሩ የተጀመረው በዚያው ዓመት፣ በ1970 ዓ.ም.፣ በትምህርት ቤቱ የሳይኮሎጂ ክበብ ነው። መምህሩ ስለ ጥናት ዘዴ ሲያስረዱ፣ «ሰው ስሙ እንደማይወጣ ካመነ እውነቱን ይናገራል» አሉና ዙሌይካን ጠያቂ አደረጓት። ሠላሳ ተማሪዎችን አንድ በአንድ ከትምህርት ቤቱ አጠገብ ወዳለው ሐይቅ ዳር እየወሰደች፣ «ከሁሉ በላይ የምትፈራው ምንድን ነው? ወላሂ ከእኔ አይወጣም» እያለች ጠየቀች። የእጅ ጽሕፈታቸው እንዳያጋልጣቸው መልሱን ሁሉ ራሷ ጻፈች። ጠያቂ ግን ራሱ ለጥያቄው አይመልስም፤ የመምህሩ ሕግ ነው።

ከወር በኋላ እነዚያኑ ልጆች ደግማ ለመጠየቅ በየወረቀቱ አናት ቁጥር ሰጠች፤ ስማቸውን ለብቻው መዘገበች። ጉደኛ ጥንቃቄ! ካድሬው ወረቀቶቹን ከመምህሩ መሳቢያ ሲያገኝ፣ ቁጥር ካለ ስም እንዳለ ወዲያው ገባው። ዝርዝሩን ዛሬ ጠዋት የጥበቃዎቹን መኪና እንዳየች አኝካ ውጣዋለች። ስሞቹን ግን አንድ በአንድ ታስታውሳቸዋለች።

«ቁጥር ዐሥራ ሰባት» ብሎ አነበበ ካድሬው። «‹ጠመንጃቸውን አልፈራም። ሰላም ሲሉኝ ጥላቻዬ ፊቴ ላይ እንዳይታይብኝ ነው የምፈራው።›»

አጠገቧ የተቀመጠችው ሂንድ በዴስኩ ሥር የዙሌይካን እጅ ጭብጥ አደረገችው። ዐሥራ ሰባት እሷ ናት።

«ጽሕፈቱ ያንቺ ነው፤ ጠያቂዋ አንቺ ነሽ» አላት ካድሬው ዙሌይካን። «የዚህን ሰው ስም ካልጻፍሽ መምህርሽን እዚሁ እደፋዋለሁ።» ጠመንጃው ተቀባበለ።

«እንዳትናገሪ፣ ልጄ...» አሉ መምህሩ። ርግጫው አላስጨረሳቸውም።

ዙሌይካ ፈራች፤ በሕይወቷ እንዲህ ፈርታ አታውቅም። «በአላህ ተዋቸው! እጽፋለሁ!»

ሂንድ እጇን ለቀቀቻት።

ካድሬው ባዶ ወረቀት ወረወረላት። እስኪርቢቶዋን አንስታ «17» ብላ ጻፈች። ጠያቂ አይመልስም የሚለው ሕግ ትዝ አላት። ከቁጥሩ አጠገብ የራሷን ስም እስከ አያቷ ጻፈች፤ ዙሌይካ ኑርዬ አብደላ። ከዚያ ተነሥታ፣ የመነጽሩን ስባሪ ላለመርገጥ እየተጠነቀቀች፣ ወረቀቱን ወደ ካድሬው ይዛ ሄደች።