ዳገት ላይ የምታንኳኳው መኪና

መካኒኩ የታመመ ሞተር አዳምጦ የሚያድን፣ ጤነኛ ሴት ፊት ግን አንደበቱ የሚተሳሰር ወጣት ነበር። የረጅም ካቻቪቴ ጫፍ ሞተር ላይ፣ እጀታውን ጆሮው ላይ ደግኖ ዓይኑን ሲጨፍን የጋራዡ ሰዎች «ዝም በሉ፤ ሐኪሙ እያዳመጠ ነው» እያሉ ይቀልዱበታል።

አንድ ቀን ዓይኑን ሲገልጥ ከኮፈኑ ማዶ አንዲት ኬክ ጋጋሪ ልጅ ቆማለች። ቅንድቧ ላይ ትንሽ ዱቄት ቀርቷል።

«ምን አለህ?» አለችው።

«ማን?»

«ሞተሩ ነዋ!»

«ምንም አላለኝም» ሲል ካቻቪቴው ከእጁ ወደቀ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የአባቷ አሮጌ መኪና ሜዳ ላይ ድምጿ አይሰማም። ዳገት ስትጀምር ግን ቆርቆሮ ውስጥ ምስማር የሚንጡ ይመስል ቃ ቃ ቃ ትላለች። ልጅቷ ኬኮቿን ለደንበኞች የምታደርሰው በዚህችው መኪና ነው። አባቷ ደግሞ ሠላሳ ዓመት አውቶቡስ ነድተው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ድምፁን እንደ ሰሙ «ማርሽ አቀያየር ስለማትችል ነው» ብለው ፈረዱና ቁልፉን ቀሟት። ጥፋቱ የሌላ መሆኑ ካልተረጋገጠ አይመልሱላትም። ኬክ በእግር አይሄድ ነገር፣ ሁለት ደንበኞቿ ከወዲሁ ወደ ሌላ ጋጋሪ ኮብልለዋል። ስለዚህ አባት እየነዱ፣ ልጅ እየተከራከረች ወደ ጋራዡ ይመላለሳሉ።

መካኒኩ ዘይቱን አየ፤ ደህና ነው። ቤንዚኑን ቀየረ፤ ለውጥ የለም። ቤንዚኑን የሚያቀጣጥሉትን ካንዴላዎች ፈትቶ አጸዳ፤ ያው ናት። ሦስተኛ ጊዜ በመጡ ቀን ጉሮሮውን ጠረገና «ቆማ አትናገርም። ጭነት ይዛ ዳገት ስትወጣ መስማት አለብኝ» አለ። በሕይወቱ ሴት ልጅ ባለችበት ያደረገው ረጅሙ ንግግር ይኸው ነበር።

«ጭነቱስ?» አሉ አባት።

«እኛ አለን፤ ኬኩም አለ» አለች ልጅቷ። ለአንድ ደንበኛ የምታደርሰው ባለ ሁለት ፎቅ ኬክ ይዛ ነበር።

አባት መሪ ያዙ፤ ልጅ ከጎናቸው፤ መካኒኩ ከኋላ፤ ኬኩ መካኒኩ ጭን ላይ።

«አደራ ኬኬን!» አለችው ዞር ብላ። ከዚያ ወዲያ መተንፈስም ፈራ።

ዳገቱን እንደ ጀመሩ፣ ቃ ቃ ቃ ቃ!

«አባዬ፣ አሁን ማነው የሚነዳው?»

«አንቺ ያስለመድሻት ነው!»

«መኪና ደግሞ ዐመል ትማራለች?»

«ስድስት ወር ካንቺ ጋር ውላ ለምን አትማር!»

መካኒኩ ጆሮውን ወደ ፊት ዘንበል ሲያደርግ ኬኩም አብሮት ዘንበል አለ። ክሬሙ ደረቱን አለበሰው። ቀና ብሎ መስታወቱን ሲያይ ልጅቷ ከንፈሯን ነክሳ እያየችው ነው።

«የተጎዳውን ጎን በክሬም አበባ እደፍነዋለሁ» አለች። «አንተ ብቻ ስማ።»

ጋራዥ ሲመለሱ ኮፈኑን ከፈተ። ለካንዴላዎቹ እሳት የሚያድለው ዲስትሪቢዩተር ሥር ቀይ መስመር አየ። አንድ ሰው ሊያዞረው ሲል የድሮ ቦታው እንዳይጠፋበት ምልክት አድርጓል። አሁን የመስመሩ ግማሽ እዚህ፣ ግማሹ እዚያ ቀርቷል። ቀለሙ የጥፍር ቀለም ነው። መካኒኩ ፊቷን ለማየት ስለሚፈራ የልጅቷን የእግር ጥፍሮች ጠንቅቆ ያውቃቸዋል፤ ያው ቀይ ነው። ወደ አባት ዞር ቢል መነጽራቸውን ይወለውላሉ፤ የጠራውን መነጽር።

ምንም ሳይናገር መስመሩን አገጣጠመ፤ ቡሎኑን አጠበቀ። ዳገቱን ደግመው ሲወጡት መኪናዋ ትንፍሽ አላለችም።

«አላልኩም?» አሉ አባት ጋራዡ በር ላይ ሲወርዱ። «ይሄ ልጄ ጥፋትሽን አስተካከለልሽ። ጎበዝ ልጄ!»

«ልጄ» የሚለው ቃል መካኒኩን አሞቀው። ዝም ቢል በአባት ዘንድ እንደ ተወደደ ይቀራል። እሷ ግን ያለ ቁልፍ፣ ያለ ደንበኛ ትቀራለች።

«ጋሼ…»

«አቤት ልጄ!»

«የእሷ ጥፋት አይደለም።»

«የማነው ታዲያ?»

«የእርስዎ።»

ጎረቤት የሚቀጠቅጠው መዶሻ እንኳ ቆመ።

«እሳቱ ቀድሞ እንዲመጣ ዲስትሪቢዩተሩን አዙረውታል። ጉልበት ይጨምራል፤ ሲበዛ ግን ዳገት ላይ ያንኳኳል። ምልክት ያደረጉበትም ቀለም…» ዓይኑ ወደ ልጅቷ የእግር ጥፍሮች ወረደ።

እሷም እግሯን አየች፤ ከዚያ ወደ ሞተሩ አጎነበሰች። «አባዬ! የጥፍር ቀለሜን! ቤቱን ሳገላብጥ አብረኸኝ ስትፈልግ አልነበር?»

አባት መነጽራቸውን አወለቁ። «ኬክ ጭነሽ መኪናዋ ዳገቱ ላይ ስታቃስት አየሁ» አሉ ቀስ ብለው። «ከኋላ ያለው ሁሉ ጥሩምባ ሲነፋብሽ አንጀቴ አልችል አለ። ጉልበት ልጨምርልሽ ብዬ ነው። ማንኳኳት ስትጀምር… አፈርኩ።»

«አፍረህ ነው ቁልፌን የቀማኸኝ?»

«ሠላሳ ዓመት ነድቼ ምን ልበል ታዲያ!»

ቁልፉን እጇ ላይ ጣሉና መካኒኩን ሳያዩ ከሾፌሩ ጎን ገብተው በሩን ጓ አድርገው ዘጉ።

አለቀልኝ አለ መካኒኩ በሆዱ። መኪናዋ ድናለች፤ አባት ተቀይመዋል፤ እሷም ከእንግዲህ የምትመጣበት ምክንያት የለም።

ልጅቷ ግን አልሄደችም። «አባቴን ፊት ለፊት ተሳስተሃል ያለው ሰው የለም፤ እናቴን ጨምሮ» አለች። ደረቱ ላይ የደረቀውን ክሬም አየት አደረገች። «ለእኔስ የምትለው የለህም?»

ዓይኑ ከእግሯ ተነሣ። መንገዱ ረጅም ነበር፤ በመጨረሻ ፊቷ ላይ ደረሰ።

«ነገም ነይ።»

«መኪናዋ ተሠርታለች እኮ!»

«መኪናዋን ተያት። አንቺ ነይ።»

ልጅቷ ቁልፉን በጣቷ ስታዞር የመኪናዋ መስኮት ሲጥ ሲጥ እያለ ወረደ።

«አንተ ልጅ! ጆሮ ያለህ አንተ ብቻ መሰለህ?»

ሁለቱም ዞር አሉ። አባት ወደ ፊት ወደ ፊት እያዩ፣ ፊታቸውን እንዳጠቆሩ ጨመሩበት፦

«ከአሥር ሰዓት በኋላ ይሁን። እስከዚያ ኬክ ታደርሳለች።»