ለማትታይ ባለጋራ የተጠራ ሽማግሌ

ይህ የሆነ ነው። ካላመናችሁ ማንኩሳ ሄዳችሁ ጠይቁ... ማንም አይነግራችሁም። ማስረጃዬም ይኸው ነው።

እሁድ፣ ከቅዳሴ መልስ፣ ረፋድ አምስት ሰዓት።

ይታገሱ የማንኩሳ ሰው፣ የቡሬ በርበሬ ነጋዴ ነው። ባለትዳር። መካሪ ነኝ ባይ። አምና ጎረቤቱን መስከረምን አንዱ በራቁት ፎቶዋ ሲያስፈራራት፣ "ከቀበጠች ሴት በቀር ማን ይያዛል?" እያለ የሳቀባት እሱ ነው።

ዘንድሮ አንዲት ልጅ በቴሌግራም ቪዲዮ ደወለችለት። ድምጿ ማር።

"ጋሼ... እስቲ ልይዎት።"

ጋሼም ታዩ። ሙሉ ለሙሉ።

በማግስቱ ቪዲዮው ለራሱ መጣ። "ገንዘብ ካልላኩልኝ ያምሮት ታየዋለች፣ ጋሼ።"

ያምሮት ሚስቱ ናት። ስሟን ግን ለልጅቷ ነግሯት አያውቅም...

ሌላው ቢሆን ፖሊስ ጋ ይሄድ ነበር። ይታገሱ ግን አዋቂ ነውና እንዲህ ሲል ጻፈ፦

"እህቴ፣ በሽማግሌ እንጨርሰው።"

መልሱ ወዲያው መጣ።

"ደስ ይለኛል። የሽማግሌዎቹን ስልክ ይላኩልኝ።"

ላከ! ከያምሮት ጋር ያጋቡትን የሁለቱን ሽማግሌዎች ስልክ፣ በገዛ ጣቱ። ለእነሱ ግን "የበርበሬ ጠብ ነው" አላቸው።

እናም በዚያ እሁድ፣ ከሽማግሌዎቹ አንዱ በሆኑት በአያ ወንዳወቅ ግቢ፣ ዋንዛው ሥር ተቀመጡ።

"ባለጋራህስ?" አሉ አያ ወንዳወቅ።

"በ... በስልክ ነው የምትመጣው።"

"በስልክ! የይቅርታውን ድንጋይ ማን ሊሸከም ነው ታዲያ?"

ሌላው ሽማግሌ፣ አያ ገነነ፣ ሳቁ።

የሁለቱም ሽማግሌዎች ስልክ እኩል ጮኸ።

ይታገሱ ዓይኑን ጨፈነ። አሁን ያዩታል። ማታ ያምሮት ትሰማለች። አለቀ።

ግን... ማንም አልሰደበውም።

ዓይኑን ገለጠ። አያ ወንዳወቅ ስልካቸውን ደረታቸው ላይ ለጥፈዋል። ፊታቸው አመድ መስሏል።

"የኔን... አያችሁት?" አለ በሹክሹክታ።

"ያንተን? ያንተ ደግሞ ምንድን ነው?" አሉ አያ ወንዳወቅ።

የአያ ገነነ ስልክ ከእጃቸው ወደቀ። የሚታየው ይታገሱ አልነበረም። ራሳቸው አያ ገነነ ናቸው... ያለ ጋቢ።

"አንተም?" አሉ አያ ወንዳወቅ ቀስ ብለው።

"ዝም በል!"

ያኔ የይታገሱም ስልክ ጮኸ። ፎቶ ነው። ዋንዛው ሥር ሦስት ወንዶች፣ አንገታቸውን ደፍተው። የአሁን። የተነሳው ከፊት ለፊታቸው፣ ለባለጋራ ተብሎ ከተቀመጠው በርጩማ በኩል ነው።

ቀና አለ።

በርጩማው ባዶ ነው።

የተነጠፈበት አጎዛ ግን ሰው እንደተቀመጠበት መሐሉ ጎድጉዷል... በርጩማውም ቀስ እያለ ወደ እነሱ ዘንበል አለ።