የቡቺ ጋሻ

«አሁንም ውሻው!» በቁመቱ ቀጭኔ የሚባለው ልጅ ዳይሱን ጠረጴዛው ላይ ወርውሮ ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋ። «አቦ ሰለቸኝ! ዘንዶውን ማን ገደለው? ውሻው። በሩን ማን ሰበረው? ውሻው። እኔ ጎራዴ ይዤ የቆምኩት ለፎቶ ነው እንዴ?»

ፕሮፍ መነጽሯን ወደ ላይ ገፋ አደረገች። «የኔ አስማተኛስ? ካለፈው ቅዳሜ ጀምሮ ሥራዋ ማጨብጨብ ብቻ ነው።»

እውነታቸውን ነው። ይህን ደግሞ ከዳኛ በላይ የሚያውቅ አልነበረም። ጨዋታውን ከራሷ አፍልቃ የሠራችው እሷ ናት፤ ዳኛ የሚል ቅጽል ስም የወጣላትም ለዚሁ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት የአጎቷ የእንጨት ሥራ ቤት ማሽኖች ጸጥ ሲሉ ሰጋቱራውን ትጠርጋለች፤ አጎቷም ገና ቀለም ካልተቀቡ ጠረጴዛዎች አንዱን ይለቁላቸዋል። እያንዳንዳቸው አንድ ገጸ ባሕርይ ይይዛሉ። እሷ ታሪኩን ትተርካለች፣ እነሱ ምን እንደሚያደርጉ ይነግሯታል፣ መሳካት አለመሳካቱን ዳይሱ ይፈርዳል። በቃ፣ ይኸው ነው።

ችግሩ የመጣው በአዲሱ ነው። ልጁ ትምህርት ቤታቸውን ከተቀላቀለ ወራት አልፈዋል፤ እነሱ ግን ዛሬም «አዲሱ» ነው የሚሉት። መጀመሪያ ሲመጣ ቃል ከአፉ አይወጣም ነበር። ዳኛ አንጀቷን በላውና ወደ ጨዋታው ጋበዘችው። ቡቺ የሚባል ውሻ ያለው ፈዋሽ መሆን እፈልጋለሁ ሲላት ደግሞ፣ ደስ እንዲለው ብላ እዚያው ሕግ አወጣች። «በራስህ ላይ የምትደግመው ድግምት ሁሉ ውሻህም ላይ ይሠራል። ሙሉ በሙሉ፣ የትም ቢሆን!» ያን ቀን ልጁ ሲስቅ ለመጀመሪያ ጊዜ አየችው።

ከዚያ በኋላ ጉድ ፈላ። አዲሱ በራሱ ላይ የጋሻ ድግምት ሲደግም ውሻውም ጋሻ ያገኛል። አዲሱ ሲገዝፍ ውሻው የጭነት መኪና ያክላል። ልጁ ሩቅ ቆሞ ይደግማል፣ ቡቺ ፊት ፊት እየሄደ ሁሉን ይጨርሳል። ሌሎቹ ተመልካች ሆነው ቀሩ።

«ወይ ሕጉን ቀይሪ፣ ወይ እኔ ከሚቀጥለው ቅዳሜ ጀምሮ ኳሴን እጫወታለሁ» አለ ቀጭኔ።

«እኔም አልመጣም» አለች ፕሮፍ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

አዲሱ አልተከራከረም። አጎቷ ከቁርጥራጭ እንጨት የቀረጹለትን ትንሽ ውሻ አንስቶ ኪሱ ከተተ። ሌሎቹ የሚጫወቱባቸውን የተቀረጹ እንጨቶች በአሮጌ የምስማር ቆርቆሮ ውስጥ እዚያው ትተው ይሄዳሉ። እሱ ግን ቡቺን አንድም ቀን ትቶት አያውቅም።

«ትንሽ አረፍ እንበል» አለች ዳኛ።

ሁለቱ ውሃ ሊጠጡ ወጡ። እሷ አዲሱ አጠገብ፣ የተደረደረው ጣውላ ላይ ተቀመጠች።

«ተቀየምከኝ?»

«ኧረ አልተቀየምኩም። ሕጉን ቀይሪው። እኔ ግን ከዚህ በኋላ አልጫወትም።»

«ለምን?»

እንጨቱን ከኪሱ አውጥቶ በጣቶቹ ያገላብጠው ጀመር። «ቡቺ የእውነት ውሻ ነው። ቤት ስንቀይር አከራይዋ ውሻ አላስገባም አለች፣ ለጎረቤት ሰጠነው። መኪናው ሲነሳ እስከ አስፋልቱ ድረስ እየሮጠ ተከተለን።» የእንጨቱን ጆሮ በአውራ ጣቱ አሻሸ። «አባቴ ቀስ ብሎ ነበር የሚነዳው። አቁምልኝ ብለው ያቆም ነበር። ወርጄ ላቅፈው እችል ነበር። አልወረድኩም።»

ዳኛ ሕጉ እንዳለ ይቆይ እንዳትል ሁለቱ ሊሄዱባት ነው። እቀይረዋለሁ ብትል ደግሞ ይህን ልጅ በምን ዓይኗ ታየዋለች?

«ለነሱ እንዳትነግሪያቸው» አለ።

«አልነግርም።»

ሁሉም ተመልሰው ሲቀመጡ ጉሮሮዋን ጠራረገች። «ሕጉ ተቀይሯል። አዲሱ፣ ድግምትህ ቡቺ ጋ የሚደርሰው እጅህ እሱ ላይ ካረፈ ብቻ ነው። ደግሞ አንድ ጋሻ ሁለት አይሆንም። ትካፈሉታላችሁ። ሙሉውን ለሱ ከሰጠኸው አንተ ባዶህን ነህ።»

«ይኸው! ይሄ ነው ዳኝነት!» አለ ቀጭኔ።

የአዲሱ ፊት ኩምሽሽ አለ። ቦርሳውን ሲስብ አየችው። ከመነሳቱ በፊት ቶሎ ብላ ቀጠለች።

«ድልድዩ በእሳት ተያይዟል። ቡቺ መሃሉ ላይ ነው። ከማዶ ቀስተኞች አነጣጥረውበታል። አዲሱ፣ አንተ ከድልድዩ ወዲህ ነህ። ቡቺ ዞሮ እያየህ ነው። ምን ታደርጋለህ?»

ጨከንኩበት ይሆን? አሁን ተነስቶ ቢወጣ መቼም ይቅር አይለኝም፣ አለች በልቧ።

አዲሱ ቦርሳውን ለቀቀ። ውሻውን ከኪሱ አውጥቶ፣ ድልድይ ባደረጓት ቀጭን ጣውላ መሃል ላይ አቆመው። ከዚያ የፈዋሹን እንጨት አነሳ።

«እሮጣለሁ» አለ።

«እሳት አለ እኮ!» አለች ፕሮፍ።

«አውቃለሁ።» ፈዋሹን ከውሻው አስጠግቶ አቆመው። «አቅፈዋለሁ። ጋሻውን ሙሉውን ለሱ።»

«አንተስ?» አለች ዳኛ።

«እኔ ግድ የለም።»

ቀጭኔ ያን ረጅም ክንዱን ዘርግቶ ባለ ጎራዴውን ከሁለቱ ፊት ገተረው። «ምን ማለት ነው ግድ የለም? ቀስተኞቹን ለኔ ተዋቸው። ጋሻ ባይኖረኝ ቁመት አለኝ!»

«እሳቱ የኔ ነው!» ፕሮፍ ከወንበሯ ብድግ አለች። «ተመስገን፣ ሥራ አገኘሁ!»

ዳይሱ ከእጅ እጅ ዞረ። ፕሮፍ ግማሹን እሳት አጠፋች፣ ግማሹ አመለጣት። ቀጭኔ ትከሻው ላይ ፍላጻ ተሰካበት፤ ለዚህች ፍላጻ የነፋው ጉራ አይጣል ነው። ሦስቱም ከነውሻው ተሻገሩ።

አጎቷ ቁልፋቸውን እያንቃጨሉ ብቅ አሉ። «እናንተ ልጆች፣ ቤት የላችሁም? ልዘጋው ነው።»

ሁሉም እየተንጫጩ እንጨቶቻቸውን ቆርቆሮው ውስጥ ከተቱ። ዳኛ መጥረጊያዋን አነሳች። አዲሱ ቡቺን ይዞ ኪሱ አፍ ላይ ሲያደርስ አየችና ዓይኗን ወደ ሰጋቱራው መለሰች።

ልጁ ግን ወደ እሷ መጣ። ውሻውን ከቀጭኔ ባለ ጎራዴ ጎን አስተኝቶ ክዳኑን ገጠመና ቆርቆሮውን አቀበላት።

«ዛሬ እዚህ ይደር» አላት። «ነገ አባቴ ወደ ድሮ ሰፈራችን እንዲወስደኝ እጠይቀዋለሁ።»

«እምቢ ካለህስ?»

«በአውቶቡስ እሄዳለሁ» አለና ቀድመውት የወጡትን ሁለቱን ለመድረስ ሮጠ።