የስሙ ባለቤት

ጋሽ ሀብተሥላሴ ሞተው የተገኙት ከጊዮርጊስ ዝቅ ብሎ ካለው አሮጌ ፎቅ፣ ከእንጨት ደረጃው ግርጌ ነው። በጀርባቸው ወድቀዋል፤ ራሳቸው ታች፣ እግራቸው ወደ ላይ። ቀኝ እጃቸው የፎቶ ቤታቸውን ቁልፍ እንደጨበጠ ቀርቷል።

«አዳልጧቸው ነው» አለ ከኢንስፔክተር ዘርፌ ጋር የመጣው ሳጅን።

ዘርፌ ቁልፉን ወስዳ ደረጃውን ወጣች። በሩ እንደተቆለፈ ነበር። ስትከፍተው አንድ ትልቅ የጠረጴዛ ኮምፒውተር፣ አንድ ወንበር፣ አንድ ስኒ አየች። ስኒውን ብዙ ጊዜ ቆማ አየችው። አፍንጮ በር ያለው የእሷም ቤት እንዲሁ ነው፤ ልጇ ካገባች ወዲህ የምታጥበው አንድ ሰሃን ነው።

ከፎቁ ሥር ካፌ ያላት የሺ አይኗ ቀልቶ ጠበቀቻት።

«ጠዋት ወጣ ሲሉ አይቻለሁ። ሲመለሱ ግን አላየሁም። መብራት ከንጋት ጀምሮ ጠፍቶ፣ ማሽኑ አልሠራ ብሎ፣ ማኪያቶ ካማረው ሁሉ ጋር ስጨቃጨቅ ነው የዋልኩት። መብራቱ የመጣው እሳቸው ከተገኙ በኋላ ነው፤ ምን ያደርግልኛል!»

የእህታቸው ልጅ ማክዳ ከቢሮዋ በጥሪ መጣች። ሥራ ቦታዋን ሳትለቅ እንደዋለች ባልደረቦቿ መስክረዋል።

«እኔ ጋ ይኑሩ ብዬ ለመንኳቸው» አለች። «‹ሰው ፈልጎኝ መጥቶ ቢያጣኝስ?› አሉኝ። ትናንት ተናድጄ ‹እንግዲያው ብቻዎን ይሙቱ› አልኳቸው።»

ሟቹ ጠዋት የሄዱት የኮምፒውተር መምህር ወደሆነው ወደ እዮኤል ቤት ነበር። ጎረቤት ጭቅጭቅ ሰምቷል።

«በምን ተጣላችሁ?» አለችው ዘርፌ።

«አልተጣላንም፤ አብረን ነው የተናደድነው። ድረ ገጽ ሠርቼላቸው ነበር። ሰፈሩ ሲፈርስ የተበተኑ ጎረቤቶች የሚፈላለጉበት ነው። ጋሼ የድሮ ፎቶ ይለጥፋሉ፤ ‹ይሄ እኮ እኔ ነኝ› እያለ ሰው ብቅ ይላል። የገጹ ስም፣ ዶሜይን የምንለው፣ መዝጋቢ ድርጅት ጋ በየዓመቱ ይታደሳል። የእሳቸው መዝጋቢ ሲጽፉለት አይመልስም። አንድ ቀን ሳይታደስ ቢቀር ስሙን ሌላ ይወስደዋል፤ ሰዎቹም መንገዱ ይጠፋባቸዋል።»

«እና?»

«ስሙን በራስዎ ስም የሚይዝ፣ ሲጠሩት የሚሰማ፣ ልሂድ ሲሉት መክፈቻውን ኮድ ሳያንገራግር የሚያስረክብ ድርጅት እንፈልግ አልኳቸው። አገላብጠን አንዱን መረጥን። ልናዛውር ስንል ግን ‹ባለቤቱ እርስዎ አይደሉም› ተባልን።»

«ባለቤቱ ማን ነው?»

«መዝጋቢው ስሙን ይሸፍነዋል፤ መልእክት ቢላክለት ግን ይደርሰዋል። ጋሼ ግን የገባቸው መሰለኝ። ፊታቸው ጠቁሮ ብድግ ብለው ወጡ።»

የሟቹ አንድ የቀረ የወጣትነት ወዳጅ አቶ አጥናፉ ናቸው፤ ከውጭ ድርጅት ጡረታ የወጡ፣ ቴዎድሮስ አደባባይ አካባቢ ብቻቸውን የሚኖሩ። ዘርፌ ወንበር ስትስብ እጃቸውን ዘረጉ።

«እዚያ አይቀመጡ። የሀብቴ ነው።»

ሌላ ወንበር ያዘች። «ዛሬ አይተዋቸዋል?»

«ከምሳ በኋላ ሄጄ ነበር። ቤት ገባን፤ ኮምፒውተሩን ከፍቶ አዳዲስ ፎቶዎች አሳየኝ። እዚያው እንደተቀመጠ ትቼው ወጣሁ።»

«ስለ ገጹ ስም ተነጋገራችሁ?»

«እኔ በዶላር ካርዴ ከመክፈል በቀር ምን አውቃለሁ? ስሙ የእሱ ነው።»

በማግስቱ ዘርፌ አራቱንም ፎቶ ቤቱ ሰበሰበቻቸው። ወንበር አልበቃም፤ ሁሉም ቆሙ።

«ጋሽ ሀብተሥላሴ ከውጭ ተመልሰው ወደ ቤታቸው እየወጡ ነበር» አለች። «የሚወጣ ሰው ቢሰናከል በግንባሩ ይደፋል። እሳቸው ግን ወደ ኋላ ነው የሄዱት። ፊት ለፊታቸው፣ ከበሩ ላይ፣ የሚጠብቃቸው ሰው ነበር። በሩ ተቆልፏል፣ ቁልፉ እጃቸው ላይ ነው። ስለዚህ ያ ሰው ወደ ቤት አልገባም።»

ወደ አቶ አጥናፉ ዞረች። «እርስዎ ግን ገብተን ኮምፒውተር ከፈተ አሉኝ። የሺ፣ ከምሳ በኋላ መብራት ነበር?»

«ኧረ ከየት መጥቶ!»

«ቤት ውስጥ ገብተው ቢሆን መብራት እንደሌለ ባወቁ ነበር።»

«ቀኑ ተምታቶብኝ ይሆናል» አሉ አቶ አጥናፉ።

«ይሆናል። እዮኤል፣ ባለቤቱ ቢሸፈንም መልእክት ይደርሰዋል ብለኸኝ ነበር። እስቲ ላክ።»

እዮኤል ኮምፒውተሩ ላይ ጥቂት ቃላት ጽፎ ላከ። ከዚያ ከአቶ አጥናፉ የደረት ኪስ ስልክ ጮኸ።

ሽማግሌው ስልኩን አላወጡትም።

«ልወስድበት አልነበረም» አሉ በመጨረሻ። «ያኔ ስከፍል በስሜ አስመዘገብኩት፤ ዝም አልኩ። ሀብቴ ሁሉም ይፈልገዋል። እኔን የሚፈልገኝ ስሙ ሊታደስ ሲል ነበር። ያን ቀን ይመጣል፣ ይቀመጣል፣ እንጫወታለን። የዝውውሩ ጥያቄ ስልኬ ላይ ሲደርስ ልለምነው ሮጥኩ። ‹ሌባ› አለኝ። ክንዴን ሲይዘኝ ገፋሁት።»

«ከዚያስ?» አለች ማክዳ።

«ተሻግሬው ወረድኩ።»

የሺ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። ዘርፌ ብዙ ሰው አናዝዛለች፤ እንዲህ ያለ ምክንያት ሰምታ ግን አታውቅም። ምነው ባልሰማሁት ብላ ተመኘች።

አቶ አጥናፉ ከመወሰዳቸው በፊት ኮዱን ለእዮኤል ሰጡ። የገጹ ስም በማክዳ ስም ሆኖ፣ ሟቹ ወደመረጡት መዝጋቢ ተዛወረ። ገጹም አልተዘጋም።

ፍርዱ ከተሰጠ በኋላ፣ ክረምቱ ሲወጣ፣ ዘርፌ በእረፍት ቀኗ የደንብ ልብሷን ሳትለብስ ወደ ማረሚያ ቤቱ ሄደች። ለአቶ አጥናፉ እስካሁን ማንም እንዳልመጣላቸው ሰምታለች። ብርቱካን ይዛ ከእናቶችና ከሚስቶች ጋር ተሰለፈች። ተራዋ ሲደርስ ጥበቃው ቀና ብሎ አያት።

«ምናቸው ነሽ?»

ዘርፌ የያዘችውን ብርቱካን ከፍ አድርጋ አሳየችው።

«ጠያቂያቸው ነኝ» አለች።