የሰሟት ስምንት ቤቶች

ፍላሹ ግራ ካልሲው ውስጥ ነበር።

ከወልቂጤ መናኸሪያ ጀርባ፣ ጎማ ጥገናው አጠገብ፣ ነጭ ፒክአፕ ቆሟል። ይትባረክ ዝም ብሎ አለፈው። ማስቲካ ገዛ። ተመለሰ። የሚከተለው ሰው አለመኖሩን ካረጋገጠ በኋላ የጋቢናውን በር ከፍቶ ገባ።

«ክር አልቆብኛል» አለ።

«መርፌ ካለ ክር አይጠፋም» አለ መሪውን የያዘው ሰው።

ሰውየው ዘመድኩን ነው፣ በሥራ ስሙ መርፌ። አሥራ አንድ ወር ሙሉ ትእዛዝ ሲያቀብለው የኖረ አገናኙ ነው። ይትባረክ በሥራ ስሙ ክር ይባላል፤ መርፌ በሄደበት መሄድ ነው ሥራው። ጉብሬ ባለው የዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ የሚያውቁት ግን ኬብል ሲቀጥልና ኮምፒውተር ክፍል ሲጠብቅ የሚውል ትሑት ቴክኒሻን አድርገው ነው። ይትባረክ የሚለውን ስምም የሰጠው ቤቱ ነው። ሰላዮቹ መሥሪያ ቤታቸውን «ቤቱ» ይሉታል፤ ሌላ ቤት ስለሌላቸው ይሆናል።

የተላከው ዘይባ የምትባል የዶክትሬት ተማሪ ሊሰልል ነበር። ልጅቷ ሦስት ዓመት ሙሉ በቡታጅራ ዙሪያ እየዞረች ማን ከማን ቢላ እንደሚዋስ መዝግባለች። እንሰት አጠውልግ የሚሉት በሽታ የሚሄደው በቢላ ነዋ! የታመመውን የቆረጠ ቢላ ጤነኛውን ሲነካ፣ ጤነኛውም ቢጫ ሆኖ ይወድቃል። ዘይባ ሦስት መቶ አርባ ቤት ወደ ሒሳብ ለውጣ ኮምፒውተሩን አንድ ነገር ትጠይቃለች፦ የየትኞቹ ስምንት ቤቶች ቢላ ቢቆም ብዙ እንሰት ይተርፋል? ቤቱ የዚህን መልስ ቅጂ ፈለገ፤ ባዕድ እጅ እንዳይቀድመው። መርፌ ያቀበለው ትእዛዝ እንደዚያ ነበር የሚለው።

«ስምንቱ ቤቶች አሉበት?»

«አሉ።»

ወደ ካልሲው ጎንበስ አለ። ከወንበሩ ሥር የተከፈተ ካርቶን አየ። አዳዲስ ቢላዎች። ስምንት። በእርጥብ ጨርቅ ተጠቅልለዋል። ጨርቁ ላይ ቢጫ ዝልግልግ ነገር አለ።

እጁ ቆመ።

ያንን ዝልግልግ ዘይባ በስልኳ ፎቶ ስንት ጊዜ አሳይታዋለች። የበሽታው መግል ነው። ነገሩ ወዲያው ገባው። በሽታውን ለማቆም የሚመረጡት ስምንት ቤቶች፣ በሽታውን ለመዝራትም ከሁሉ የሚመቹት ናቸው። መርፌ የልጅቷን መድኃኒት ለመርዝ ሸጦታል።

ይትባረክ ቀና ሲል ፊቱ ላይ ምንም አይነበብም ነበር።

«ተወው፣ ይሄኛው አሮጌ ነው» አለ። «ትናንት የሁለት ቀበሌ መረጃ ጨምራበታለች። ቤቶቹ ተለዋውጠዋል። አዲሱን ላምጣልህ።»

ዘመድኩን ሰዓቱን አየ። ስድስት ሰዓት ነው።

«እስከ ዘጠኝ። ከዘጠኝ ካለፈ ልጅቷን ራሷን ይዤ እጠይቃታለሁ። ጣቶቿ ደግሞ ቀጫጭን ናቸው» አለና ፈገግ አለ።

ይትባረክ ወደ ጉብሬ በሚከንፈው ባጃጅ ውስጥ ሆኖ፣ ለክፉ ቀን ብቻ የተሰጠውን ቁጥር ደወለ። የቤቱ አለቃ አነሱት። የሥራ ስማቸው ምሰሶ ነው።

«መርፌ ከድቷል፣ ጌታዬ። የተበከሉ ቢላዎች ይዟል።»

«አንድ ችግኝ ነጋዴ ነዋ የገዛው» አሉ ምሰሶ፣ ሳይደነግጡ። «እንሰቱን ጨርሶ፣ በሽታ የሚቋቋም ችግኝ ብሎ ለገበሬዎቹ ሊሸጥ። ሁለት ዓመት ፈልገነዋል።»

«መርፌን ልያዘው?»

«መርፌን ብትይዝ ሌላ መርፌ ይገዛል። ነጋዴው እንሰቱ መውደቁን በዓይኑ ካላየ ከተደበቀበት አይወጣም። ዝርዝር ስጠው።»

«የትኛውን?»

«ጉዳቱ አነስተኛ የሆነውን። ሒሳቡ ያለው አንተ ጋ ነው።»

ስልኩ ተዘጋ።

በዘይባ ፕሮግራም መጨረሻ መስመር ላይ አንዲት የመቀነስ ምልክት አለች። «ይቺን ካነሳኋት ተቃራኒውን ይፈልግልኛል» ብላው ታውቃለች። ክፍሉን ቆልፎ ምልክቷን አነሳት። አሁን ጥያቄው ተገለበጠ፦ የትኞቹ ስምንት ቤቶች ቢበከሉ ጥቂት እንሰት ይጠፋል? የፕሮግራሙ አንድ ሩጫ አንድ ሰዓት ተኩል ይፈጃል። ተቀምጦ ጠበቀ።

ስምንት ሰዓት ከሩብ ላይ ስሞቹ ወጡ።

ሁሉንም ከዘይባ ወሬ ያውቃቸዋል። «ቢላ አታውሱ፣ ቢላ አትዋሱ» እያለች ስትለምን፣ ከዚያ ሁሉ ሰው የሰሟት እነዚህ ብቻ ነበሩ። ከማንም ጋር ቢላ ስለማይለዋወጡ በሽታው እነሱ ጋ ገብቶ እነሱ ጋ ይቀራል። ኮምፒውተር ይሉኝታ የለውም። ለመጥፋት የተመቹት ቃሏን ያከበሩት ሆነው ተገኙ።

አምስተኛዋ ፈቲሀ ይባላሉ።

የዘይባ እናት ናቸው።

በሩ ተንኳኳ። ስክሪኑን አጥፍቶ ከፈተ።

«አሰላሙ ዐለይኩም! ምሳ ሳትበላ ቀረህ አይደል?» ዘይባ በፌስታል የያዘችውን ሳምቡሳ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። «ምን እያስኬድክ ነው?»

«ማሽኑን እየፈተሽኩ።»

«እማዬ ሰላም ብላሃለች። ጎረቤቱ ‹ቢላ ነፋጊ› ብሎ ስም አውጥቶላታል፣ ሰማህ? እሷ ግን ‹ልጄ ካለች አለች ነው› ትላለች» ብላ ሳቀች።

አብሯት ሳቀ። ራሱን ጠላው፤ ሳቁን ግን አላቋረጠም።

የፈቲሀን ስም ከዝርዝሩ ለማውጣት አስቦ ነበር። ግን በምትካቸው የሚገባው ቤት ስንቱን ጎረቤት ይዞ እንደሚወድቅ በምን ያውቃል? ለዚያ ሌላ አንድ ሰዓት ተኩል ያስፈልጋል። የቀረው አርባ ደቂቃ ነው።

ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን አምስት ደቂቃ ሲቀረው ፍላሹ በመርፌ እጅ ገባ።

በሳምንቱ፣ ማን እንደሆኑ በቅጡ ያልታወቁ የ«ልማት ማኅበር» ሰዎች ቡታጅራ አጠገብ ባለች መንደር ድንኳን ጣሉ። ለስምንት አርአያ ቤቶች ስምንት ቢላ ሊሸልሙ ነው። አስረካቢዋ ዘይባ ሆነች። ማን ይጠርጥር? ቢላዎቹ አዲስ ናቸው። መግሉም ደርቆ ዓይን አያየውም። «የራሳችሁን አዲስ ቢላ ያዙ» ብላ ያስተማረችው ራሷ ናት። ለእናቷ ስትሰጥ ጎንበስ ብላ እጃቸውን ሳመች። ፈቲሀ «አልሐምዱሊላህ» እያሉ ቢላውን ለጎረቤቶቻቸው ከፍ አድርገው አሳዩ።

ፎቶ እንዲያነሳቸው ይትባረክን ለምናው ነበር።

አነሳቸው።

በስድስተኛው ሳምንት ቅጠሉ ቢጫ ሆነ። ነጋዴው ሥራውን በዓይኑ ሊያይ መጣ። መርፌ በሚነዳው ፒክአፕ፣ ይትባረክም ከኋላ ተቀምጦ፣ ሲመለስ ቡታጅራ መግቢያ ላይ የቤቱ ሁለት መኪኖች መንገዱን ዘጉበት። ዘመድኩን መሪውን ለቆ እጁን ወደ ወገቡ ሰደደ።

ይትባረክ ቀደመው።

አንድ ጥይት።

«ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ» ይባላል፤ የትኛው ፈረስ የትኛው ጋላቢ እንደነበር ግን በዚያ ፒክአፕ ውስጥ መለየት ያስቸግራል። ነጋዴው ሁለት እጁን አንስቶ ወረደ፤ ሱሪው ረጥቦ ነበር።

ፈቲሀ መቶ አርባ እግር እንሰት በገዛ እጃቸው ቆርጠው ቀበሩ። ለዓመታት ያሳደጉት ነው። ቆጮ ሊጠይቁ ጎረቤት ሲሄዱ «ቢላ የነፈገች ቆጮ ትለምናለች?» ተብለው ከበር ተመለሱ። ልጃቸውንም መንደሩ «በሽታውን ተሸክማ ያመጣችልን» ብሎ አባረራት። የሦስት ዓመት ጥናቷ ቡታጅራ ላይ ቀረ።

ዘይባ ዕቃዋን ልትሰበስብ ወደ ኮምፒውተሩ ክፍል መጣች። ሰላምታ አልሰጠችም። ማሽኑን ከፍታ የቆየ ፋይል አወጣች።

«ምልክቷን አንስቼ ለሙከራ አስኬጄው ነበር። ከአረፋ በኋላ፣ አንተ ከመንካትህ በፊት» አለች። «ከመቶ የተለያየ መነሻ፣ መቶ ጊዜ። የመጀመሪያውን ሩጫ አንብብ።»

አነበበ። ስምንቱ የተበከሉት ቤቶች ነበሩ። አምስተኛዋ ፈቲሀ።

«ይሄን ማሽን የምንነካው እኔና አንተ ብቻ ነን። ስንቴ አስኬድከው?»

በአሥራ ሦስት ወር ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ እውነት ተናገረ።

«አንዴ። ጊዜ አልነበረኝም። ካልሰጠኋቸው አንቺን ሊይዙ ነበር።»

«በጭጋግ ቁልቁል የሚወርድ ሰው የመጀመሪያው ጉድጓድ ውስጥ ሲገባ ታች የደረሰ ይመስለዋል። መቶ ጊዜ የማስኬደው ለዚህ ነው። አሁን ስድሳ ሦስተኛውን አንብብ።»

ሌሎች ስምንት ቤቶች ናቸው። ለአረፋ እንሰታቸውን ፍቀው የጨረሱ፣ ጓሯቸው ትንንሽ ችግኝ ብቻ የቀረው። ጠቅላላ ጉዳት፦ ዘጠና ችግኝ። የእሱ ዝርዝር የበላው ዘጠኝ መቶ ያደገ እንሰት ነው። የጅብ ችኩል ቀንድ ይነክሳል፤ እሱ ግን የነከሰው የሰው ጉሮሮ ነበር።

«እናቴ የለችበትም» አለች ዘይባ። ድምፅዋ ተሰበረ። «ያን ቀን ገብቼ ነበር እኮ። ፋይሉ እዚሁ ነበር። ለምን ስክሪኑን አጠፋኸው? ለምን አልጠየቅኸኝም?»

አሥራ አምስት ዓመት ሰው እንዳይጠይቅና ሰው እንዳያምን ነበር የተማረው። ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ወጣ። ከኋላው ስታለቅስ ይሰማዋል።

መናኸሪያው ውስጥ ስልኩ ጠራ። ምሰሶ ናቸው።

«ነጋዴው ሁሉንም ተናግሯል። ጥሩ ሥራ ነው። መዝገቡን ልዘጋ ነው፤ ጉዳቱ ላይ አንድ መስመር ላክልኝ።»

በመልእክት ጻፈ፦ «ስምንት ቤት። ከዚህ ያነሰ ጉዳት አይቻልም ነበር።»

ላከው። ሲሙን አውጥቶ ሰበረው። ሆሳዕና የሚሄደው ሚኒባስ ሊሞላ አንድ ሰው ቀርቶት ነበር፤ ገባ።

አጠገቡ የተቀመጡት ሽማግሌ ቦታ ለቀቁለት።

«ማን ልበል፣ ልጄ?»

«ተረፈ» አላቸው።