የሉቢንዳ ፊት ያለበት ጨርቅ

የማዕድን ቆፋሪዎች ማኅበር ገንዘብ ያዥ ካፔምብዋ በማኅበሩ አዳራሽ ወለል ላይ ተዘርሯል። ጭንቅላቱን የጠረጴዛው ጥግ ፈልጦታል። ከአናቱ እስከ እግሩ አዲስ አረንጓዴ ጨርቅ ተከናንቧል፤ ጨርቁ ላይ ዳግም ለመመረጥ የሚወዳደረው ሊቀመንበር ሉቢንዳ መቶ ቦታ ፈገግ ይላል።

በሩን ብቻዋን የከፈተችው ኢንስፔክተር ናምፉክዌ ጨርቁን አጣጥፋ ቦርሳዋ ከተተችው። ለማንም ትንፍሽ አላለችም። ይህቺ ሴት መዳብ በሚቆፈርበት አገር ሁሉ ወደር የላትም፤ ውሸታም ኮቴዋን ከሰማ ሳይጠየቅ ይናዘዛል። ጉድጓድ የበላቸው ማዕድን ቆፋሪዎች ሚስቶች ሃያ ዓመት ሙሉ ድጎማቸውን የሚቀበሉት ከካፔምብዋ እጅ ነበር።

«የመበለቶቹን ገንዘብ የበላው እሱ ነው» አለ ሉቢንዳ። «የገንዘብ ሣጥኑ ባዶ ነው። ጸጸት ገድሎታል።»

«ጸጸት ሰውን ከጠረጴዛ ጋር ያላትማል?» አለች ናምፉክዌ።

የሉቢንዳ የምርጫ ተቀናቃኝ ሲቾኔ ደግሞ ተቆጣ። «ነገ ጉባኤው ላይ ሒሳቡን ሊያነብልኝ ነበር። ድምፅ የሚያመጣልኝን ሰው ልግደል? ሞኝ መሰልኩሽ?»

የሟች ሚስት፣ በበኩር ልጇ ስም የሙሶንዳ እናት የምትባለው፣ የናምፉክዌን ክንድ ያዘች። «እህቴ፣ ገዳዩ ይቆይ። ባሌ ሌባ አለመሆኑን አምጪልኝ። ልጆቼ የሌባ ልጅ ተብለው እንዴት ይኖራሉ?»

በቀብሩ ቀን ጄሬ መጣ፤ ከሟች ጋር ሠላሳ ዓመት አንድ ጉድጓድ የወረደ የንጎኒ ጎሳ ሰው። በሁለቱ ጎሳዎች የቀልድ ልማድ እንደ ካፔምብዋ ያለ ቤምባ ሲሞት እየሰደበ የሚቀብረው ንጎኒ ነውና የሬሳ ሳጥኑን ደበደበው።

«ተነስ አንተ ሰነፍ ቤምባ! አንድ ቢራ እንኳ ሳትጋብዘኝ! ለመጨረሻ ልብስህም ሰስተህ የሉቢንዳን ፊት ተከናንበህ ተኛህ?»

ለቀስተኛው እያለቀሰ ሳቀ። ናምፉክዌ አልሳቀችም።

ከቀብር መልስ ሁሉንም አዳራሹ ውስጥ ሰበሰበቻቸው፤ ጨርቁንም ዘረጋችው።

«ሉቢንዳ በምርጫ ሰሞን የራሱን ፊት ሬሳ ላይ አይተውም። ሲቾኔ ቢሆን ኖሮ ከተማውን ጠርቶ ያሳይ ነበር። ያለበሰው የሟቹን ፊት ማየት ያቃተው፣ የሚወደው ሰው ነው። ጨርቁን ደግሞ ሬሳው ላይ ከእኔና ካለበሰው ሰው በቀር ያየ የለም። ጄሬ፣ ያንን ቀልድ ከየት አመጣኸው?»

ጄሬ አግዳሚው ላይ ዘፍ ብሎ ተቀመጠ።

«ቀልድ አልመጣ አለኝ» አለ። «ሕዝቡ ይጠብቃል፣ አፌ ያየሁትን አወጣው። ጨርቁን ለሉቢንዳ ምርጫ ያሳተምኩት እኔ ነኝ፣ በመበለቶቹ ገንዘብ። ሉቢንዳ ‹ስናሸንፍ እንተካዋለን› አለኝ። ካፔምብዋ ቁልፉን አምኖ የሚሰጠው ለእኔ ነበር። ሲደርስበት ‹ለጉባኤው እናገራለሁ› አለ። ለመንኩት። ገፋሁት... መግፋት ብቻ ነበር።»

ሉቢንዳ ኮቱን አንስቶ ወደ በሩ ሄደ፤ ሁለት ፖሊሶች ቆመው ጠበቁት።

የሙሶንዳ እናት ከውጭ አራቱን ልጆቿን ጠርታ ጄሬ ፊት አቆመቻቸው። ሁሉንም አዝሎ ያሳደጋቸው እሱ ነበር።

«ባሌ ከዚያ ገንዘብ ነክቷል?»

«አንድ ንግዌ ሳንቲም አልነካም።»

«አልሰሙህም። ቁምና ድገመው።»

ጄሬ ተነስቶ ቆመ። ትንሿ ልጅ ሮጣ እንደ ልማዷ እግሩን አቀፈችው፤ እሱም እጁን አናቷ ላይ ለማሳረፍ ሳይደፍር ደገመው።